ለበዓል የተቀመጠው ጫማ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ምግብ፣ ስለ ጥናታቸው፣ ስለ ጠባያቸው ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ ጎንበስ ብለን እግራቸውን እንድናይ ፈለግሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ጫማችሁን የሚጠርግላችሁን ሊስትሮ “አገርህ የት ነው?” ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ከምትሰሟቸው መልሶች አንዱ ወላይታ ነው። ሶዶ፣ ቦዲቲ፣ አረካ፣ ገሱባ ይሏችኋል። የእኛን ጫማ የሚያሳምሩት እነዚህ ልጆች በመጡበት አገር በባዶ እግር መኖር ብቻውን ሰውን ዕድሜ ልኩን የሚያሰቃይበት በሽታ አለ። በተለምዶ ዝሆኔ እንለዋለን። ሐኪሞች ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ጣቶቹ ይወፍራሉ። አልፎ አልፎም ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እየተነሣ ሰውየውን አልጋ ላይ ይጥለዋል።

ዝሆኔ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፈውን ነው። የወላይታው ግን ሌላ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ትንኝም፣ ትልም፣ እርግማንም የለበትም። የሚመጣው ከአፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄድ ሰው እነዚህ ቅንጣቶች በቆዳው ሰርገው ይገቡና በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን መስመሮች ያስቆጧቸዋል፤ ውሎ አድሮም ይዘጓቸዋል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግር ላይ ይጠራቀማል። ይህን ምሥጢር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አገራችን ውስጥ ሲሠሩ ደክመው ያጠኑት ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ስሙንም ያወጡለት እሳቸው ሲሆኑ፣ “እግር” እና “አቧራ” ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው።

በሽታው የሚወደው ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነና ዝናብ የማያጣውን አገር ነው። ገበሬው የሚወደውም ያንኑ ነው። የዳሞታ ተራራን ግርጌ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እንሰቱ፣ ቦይናው፣ ስኳር ድንቹ፣ ቡናው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ቀይ ነው፤ ዝናብ ሲመታውም እግር ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው ይህ በሽታ እንዳለበት አሳይቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሒሳቡን ሠራው። የያኔው 1.5 ሚሊዮን የዞኑ ሕዝብ በዚህ በሽታ ምክንያት በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያጣል፤ አንድ ታማሚም ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ ያህሉን ይነጠቃል። አንድ እናት ከሁለት ቀን አንዱን መሥራት ካልቻለች ቤቷ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ውኃውን የምትቀዳው፣ ታናናሾቿንም የምትይዘው ከትምህርት ቤት የቀረችው ልጅ ናት።

በቅርቡ ለዘመድ ሠርግ ሶዶ ሄጄ ነበር። ከሠርጉ ማግስት እዚያው የሚኖረው የእህቴ ልጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ገጠር ይዞኝ ሄደ። የገባንበት ቤት ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። የሚናገሩት ወላይትኛ ስለሆነ አስተርጓሚያችን የእህቴ ልጅ ነበር። ስማቸውንም ቀበሌያቸውንም አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። የተቀቀለ ቦይና በዳጣ ቀረበልን። ቡናው እስኪፈላ 11 ዓመት የሆናት የልጅ ልጃቸው ከብቶቹን አስገብታ መጣች። እግሯ ባዶ ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው።

“እማማ፣ ልጅቷ ጫማ የላትም እንዴ?” አልኳቸው።

“አላት እንጂ ልጄ! አዲስ ጫማ አላት” ብለው ከአልጋው ሥር ካርቶን አስወጡና ከፈቱልኝ። በእርግጥም አዲስ ነው። “ለጊፋታ የተገዛ ነው። አሁን ጭቃ ውስጥ ከጨረሰችው ለበዓሉ ምን ታደርጋለች?”

መልሳቸው የእናት መልስ ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በዚያን ቀን ልጅ ባዶ እግሯን ብትወጣ የሚያፍረው ቤተሰቡ ነው። ጫማ ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለበዓል ነው፤ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ እግር ይበቃል የሚለው ልማድም በእሳቸው ቤት ብቻ ያለ አይደለም። በወላይታ የጫማ ልማድን ያጠኑ ተመራማሪዎች የሰሙት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጫማ ውድ ነው፣ ልጅ ቶሎ ይጠበዋል፣ ጭቃ ላይ ያንሸራትታል፣ ለሥራ አይመችም ይሏቸው ነበር። አፈሩ ግን በዓልና አዘቦት አይለይም። እንዲያውም ልጅቷ ጫማዋን የምታወልቀው አፈሩ በጣም በሚነካት ሰዓት ነው።

ቡናውን እየጠጣን ሳለ ልጅቷ የአንድ እግሯን ጀርባ በሌላው እግሯ ተረከዝ ስታክ አየሁ። ሴትየዋም እንዳየሁ አዩ። ዝም ብለው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሌሊት ያቃጥለኛል ትላለች” አሉ። የልጅቷ እናት፣ ማለትም የእሳቸው ልጅ፣ በሽታው አለባት። በረጅም ቀሚስ ሸፍና ነበር ቡናውን የምታፈላልን።

በአቅራቢያቸው በተወሰነ ቀን የእግር እጥበት የሚሰጥበት ቦታ አለ። “ታዲያ ለምን አልወሰዷትም?” ስላቸው የሰጡኝን መልስ እስካሁን አልረሳሁትም። “ታላቅ እህቷን ሊያጩ ሽማግሌዎች መጥተዋል። እዚያ ከታየን ‘የነእከሌ ቤት ዘሩ አለበት’ ይባላል። አንዷን ሳድን ሁለተኛዋን ልቅበራት?”

ወገኖቼ፣ የድህነት ክፋቱ ገንዘብ ማሳጣቱ ብቻ አይደለም። አንዲት አያት በሁለት የልጅ ልጆቿ መካከል እንድትመርጥ ያደርጋታል።

እዚህ ላይ ነው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ሥራው ነገር የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በሶዶ ሚሲዮናዊ ሐኪም ሆነው ያገለገሉት ዶክተር ናታን ባርሎ እነዚህን ሕሙማን ብቻ የሚረዳ ሥራ ጀመሩ። ሞሲ ፉት የሚባለው ማኅበር ከዚያ ተወለደ። “ሞሲ” የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሽበት እንደለበሰ ድንጋይ መሆንን የሚገልጽ ነው፤ የታመመው ቆዳ ያንን ስለሚመስል ነው። ያኔ መንግሥትም፣ ትልልቆቹ የዓለም ድርጅቶችም ስለዚህ በሽታ እምብዛም አይናገሩም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የጤና ሚኒስቴራችንም በብሔራዊ ዕቅዱ ያካተተው ከዚያ በኋላ ነው።

የማኅበሩ ሥራ ሲታይ በጣም ቀላል ነው። በገጠር በተመረጡ ቦታዎች ሕሙማን በቀናቸው ይሰበሰባሉ። ሳፋ ይቀርባል፤ ውኃው ውስጥ ጥቂት በረኪና ይገባል፤ እግር ሩብ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ከዚያ በሳሙና ይታጠባል፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ካልሲና ጫማ ይደረጋል። ያበጠ እግር ገበያ ላይ ባለ ጫማ አይገባምና በልኩ የሚሰፋ ጫማ ያስፈልገዋል። የማኅበሩ ትልቁ ብልኃት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጫማ ሰፊዎቹም፣ እጥበቱን የሚያስተምሩትም ከሕሙማኑ መካከል የተመረጡና የሠለጠኑ ሰዎች እንዲሆኑ አደረገ። ትናንት ጎረቤት የሚሸሸው ሰው ዛሬ የሌላውን እግር ይዞ “ይኸው የእኔን እየው፣ እንዲህ ነበር” ይለዋል። ይህን ሐኪምም ሰባኪም ሊተካው አይችልም።

የአካባቢው ሰው እምነትና እግር ማጠብን አያይዞ ለማየት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ያላየን ስንቶቻችን ነን? ሙስሊም ወገኖቻችንም ለሶላት ውዱ ሲያደርጉ በቀን ደጋግመው እግራቸውን ይታጠባሉ። ቀድሞስ ቢሆን በየቤታችን ማታ ማታ ልጅ የአያቱን እግር አጥቦ ይመረቅ አልነበረም?

ለመሆኑ ይህ እጥበት በእርግጥ ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ተጠይቆም መልስ አግኝቷል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ነበር። ግማሾቹ እጥበቱን ወዲያው እንዲጀምሩ ተደረገ፤ ግማሾቹ ዓመቱ ሲያልቅ እንዲያገኙ ቆዩ። ወዲያው የጀመሩት ሰዎች አልጋ ላይ የሚጥለው የትኩሳትና የሕመም ጊዜ ከሌሎቹ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰላቸው። ሳሙና፣ ውኃ፣ ቫዝሊንና ጫማ ናቸው ይህን ያመጡት። ገና በመጀመሩ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ እብጠቱ ሊመለስ ይችላል።

የውጭ ልግስናም በወላይታ ታይቷል። ቶምስ የተባለው የአሜሪካ ጫማ ኩባንያ በማኅበሩ በኩል ለልጆች ጫማ ሲያድል ነበር። መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ ያሳደጋችሁ ሁሉ እንደምታውቁት የልጅ እግር የሚቀጥለውን ዕርዳታ አይጠብቅም። በመስከረም ልኩ የነበረ ጫማ በሚያዝያ ይጠበዋል። ስለዚህ ከሚታደለው ጫማ ይልቅ የሚያጓጓኝ እዚያው የሚቀረው ነገር ነው፤ ጫማ መስፋት የተማረው ሰው፣ በሽታው ከአፈር እንደሚመጣ የተረዳችው እናት፣ ማታ ሳትታጠብ መኝታ የማትገባው ልጅ።

የወላይታ ሰው ይህን ከታሪኩም ያውቀዋል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ጣሊያን በ1937 አስወጣቸው። ጥለዋቸው የሄዱት አማኞች ጥቂት ደርዘን ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። እምነቱን ተቀበልነውም አልተቀበልነውም ከዚህ የምንማረው አለ፤ የአገሬው ሰው የራሱ ያደረገው ሥራ ያመጣው ሰው ሲሄድ አይቆምም።

ወደዚያች አያት ጭንቀት ልመለስ። “ዘሩ አለበት” የሚለው ነገር ሐሰት ነው ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቱን መናገር ይሻላል። ግማሽ እውነት አለበት። በአንድ ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱ ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፍበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለውን ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተውታል። ናሙናውም የተወሰደው ከዚያው ከወላይታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ሲታተም፣ ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዘ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ ታወቀ። ቀደም ብሎ የወጣ ጥናትም የታማሚ ወንድም ወይም እህት ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል የመታመም ዕድል እንዳለው አሳይቷል።

ይህን የሰማ ሰው “እንግዲያው ከዚያ ቤት አንጋባም” ሊል ይችላል። ነገሩን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። አፈሩ ቆዳውን ካላገኘው ተጋላጩም ሰው አይታመምም። ስለዚህ “ዘሩ አለበት” የተባለ ቤት ልጆቹን ከሰው ዓይን የሚደብቅ ሳይሆን፣ ከጎረቤት ሁሉ ቀድሞ ጫማ የሚያለብስ ቤት መሆን አለበት። ዝምታው ግን ተቃራኒውን ይሠራል። ልጅቷን ከእጥበቱ ያርቃታል፣ ጫማዋን ካርቶን ውስጥ ያስቀምጣል፣ ከዓመታት በኋላም “ይኸው፣ አላልንም?” ያሰኛል።

በሌላው ዓለምም ይህ በሽታ ነበር። በሰሜን አፍሪካ፣ በካናሪ ደሴቶች፣ በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ሳይቀር ይታይ ነበር። ዛሬ የለም። የጠፋው በክትባት ወይም በአዲስ መድኃኒት አይደለም። ሰዉ ጫማ ማድረግን ልማድ ስላደረገ፣ ኑሮውም ስለተሻሻለ ነው። በአገራችን ግን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ ይገመታል፤ በሽታውም ከወላይታ ሌላ በጎጃምም፣ በወለጋም፣ በሲዳማም አለ። በአንድ ትውልድ ሊቆም የሚችል በሽታ ስለሆነ ነው ለወላጆችና ለአያቶች በሚታተም ገጽ ላይ የጻፍኩት።

ከተማ የምንኖር ሰዎች ምን እናድርግ? መጀመሪያ፣ ለክረምት ገጠር አያቶቻቸው ዘንድ የምንልካቸውን ልጆች የተሸፈነ ጫማና ካልሲ እናስይዛቸው። ሸበጥና በረባሶ እግርን ከእሾህ ያድናሉ እንጂ አፈሩን አያግዱም። ኮንጎ ጫማ ያልባል እንጂ ከምንም ይሻላል፤ በካልሲ ከሆነና እግር ማታ ማታ ከታጠበ ደግሞ የበለጠ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ለገጠር ዘመድ ጫማ የምንልክ ከሆነ አንድ ውድ ጫማ ከመግዛት ሁለት ርካሽ እንግዛ። አንዱ ለበዓል ይቀመጥ፣ አንዱ ጭቃ ውስጥ ይለቅ። ሳሙናም አብረን እንላክ። ለገጠር ልጅ ውኃው ራሱ ከሩቅ የሚቀዳ መሆኑን አንርሳ፤ ለእግር የሚተርፍ አንድ ጣሳ ውኃ በቤቱ ወጪ ውስጥ እንዲገባ የሚያደርገው የአባትና የእናት ትእዛዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ቤታችን ከምታግዘን ልጅ ጀምሮ ከገጠር የመጣ ሰው እግሩ የሚያሳክከው፣ ሌሊት የሚያቃጥለው፣ ማታ ማታ የሚያብጥ ከሆነ አናሳፍረው። ጤና ጣቢያ እንላከው። በአንድ ወቅት በደቡብ የተጠኑ የጤና ባለሙያዎች እንኳ ግማሽ ያህሉ በሽታው ተላላፊ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ “አይተላለፍም፣ ከአፈር ነው፣ ይታከማል” የሚለውን ሦስት ነገር ደጋግመን ለማውራት አንስነፍ። ለጋብቻ ሽማግሌ የምትሄዱ አባቶች በተለይ ይህን ነገር እናንተ ካላላችሁት ማንም አይሰማውም።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። አያትየው በእጥበቱ ቀን የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው፣ በጓሮ ሳይሆን በዋናው መንገድ ሄደዋል አሉ። ልጅቷ የጊፋታውን ጫማ አድርጋለች። በሚቀጥለው ጊዜ እናትየዋም ተከትላቸዋለች። የታላቅየዋ ነገር ገና አልለየለትም፤ ሽማግሌዎቹ “እንመካከርበት” ብለው ሄደው አልተመለሱም። ተመልሰው እንዲመጡ እየጸለይኩ ነው፤ ባይመጡም ግን አያትየው የሠሩት ትክክል ነው።

እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን።